የታፈነው እንጉዳይ

ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ አንድ ፎቶ አለ። ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ኦይስተር እንጉዳይ ቤት ውስጥ የሚበቅልበት ከረጢት ነው። ከቀዳዳው የወጣው እንጉዳይ አገዳው ስምንትና ዘጠኝ ሳንቲሜትር ረዝሟል፤ ቆቡ ግን አንድ ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። አብሮት የመጣው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «በቀን ሦስቴ ውሃ እረጫለሁ፣ እንዳይደርቅ ላስቲክ አልብሼዋለሁ፣ ከብርድም ጠብቄዋለሁ። እጄ አይቀናውም መሰለኝ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የከነከነችኝ። ይህን የመሰለ እንጉዳይ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም፣ ከአሜሪካ አፓርትመንትም ይመጣል። ባለቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ የሚጠነቀቁ፣ ጠዋት ሳይረሱ የሚረጩ፣ ማታ ሳይተኙ የሚያዩ። ግድ የሌለው ሰው ከረጢት መስኮት አጠገብ ተረስቶ ጥሩ እንጉዳይ ሲሰጥ፣ የተንከባካቢው ከረጢት አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያ ሰው «እጄ አይቀናውም» ብሎ ከረጢቱን ሲጥለው ያሳዝነኛል፤ ከረጢቱ ገና ደህና ነበርና።

የፎቶው እንጉዳይ ውሃ አልጠማውም። ታፍኗል። ብዙ ጊዜ ከኪቱ (ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ከረጢት) ጋር የሚመጣው መመሪያ «ቅደዱ፣ ውሃ ርጩ፣ ጠብቁ» ይልና ስለ አየር ዝም ይላል። ሰውም የተነገረውን አጥብቆ ይይዛል። እዚህ የምጽፈው ያ መመሪያ የዘለለውን ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአምራቾች የሚገኘው ከረጢት በአብዛኛው በጭድ፣ በሰጋቱራ ወይም በጥጥ ፍሬ ተረፈ ምርት የተሞላ ላስቲክ ነው። ውጭ አገር በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ደግሞ ሰጋቱራና ፉሩሽካ ይበዛበታል። አምራቹ ማብቀያውን አርጥቦ፣ ሻጋታ እንዳይቀድመው በሙቀት አክሞ፣ በስንዴ ወይም በማሽላ ላይ ያደገውን የእንጉዳይ ዘር ቀላቅሎ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ከ2 እስከ 4 ሳምንት አቆይቶታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የእንጉዳዩ ነጭ ክር ማብቀያውን ሁሉ ይወርሰዋል። ኪት የገዛ ሰው የገዛው ይህን ያለቀ ሥራ ነው፤ ከባዱ ክፍል አልፏል።

ኦይስተር እንጉዳይ በተፈጥሮው የሚኖረው በሞተ እንጨት ላይ ነው። ሰው ማልማት የጀመረውም በዚያው መንገድ ነው፤ ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋልክ እ.ኤ.አ. በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በዛፍ ጉቶ ላይ አብቅሎታል። ነጩ ክር እንጨቱ ውስጥ እያለ የሚተነፍሰው የተቃጠለ አየር ከእርሱው ጋር እዚያው ይታመቃል። እርሱም ይህን ይችለዋል። የታሸገ ከረጢት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን እጅ እስከ 20,000 ቢደርስ ክሩ መስፋፋቱን አያቆምም። ውጭ ያለው አየር ግን ከሚሊዮን እጅ 420 ገደማ ብቻ ነው።

ክሩ የቅርፊቱ ስንጥቅ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ንጹሕ አየር ያገኘዋል፣ ትንሽ ብርሃን ያየዋል፣ ቅዝቃዜና እርጥበት ይነካዋል። ያኔ ነው የምንበላውን ክፍል የሚያወጣው። እንጉዳይ የሚራባው ከቆቡ ሥር በሚበተን ስስ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱን የሚወስድለት ደግሞ ንፋስ ነው። ስለዚህ ቆቡን የሚዘረጋው ክፍት ቦታ መድረሱን ሲያውቅ ነው። በዙሪያው ያለው አየር የተቃጠለ ከሆነ ገና ስንጥቁ ውስጥ ያለ ያህል ይቆጥረዋል። ቆብ መዘርጋቱን ትቶ አገዳውን ያረዝማል፤ መውጫ ይፈልጋል። ቆቡ በደንብ እንዲዘረጋ አካባቢው ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 በታች ቢሆን ይመረጣል። በር ተዘግቶ ሁለት ሰው ያደረበት መኝታ ቤት ሲነጋ በቀላሉ ከ2,000 ሊያልፍ ይችላል።

ይህን ካወቁ በኋላ ያን ፎቶ ሲያዩት ይገባል። ላስቲኩ ለጥበቃ የተደረበ ነበር፤ እንጉዳዩ ግን ራሱ ያወጣውን አየር መልሶ እየተነፈሰ አገዳውን ወደ ላይ ይሰድ ነበር።

ከመቅደድ በፊት

ከረጢት ሲገዙ አገላብጦ ማየት ነው። ደህና ከረጢት ዙሪያውን ነጭ ነው፣ ሲጫኑት ጠንከር ይላል፣ ሲያሸቱት ትኩስ እንጉዳይ ይሸታል። አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ቀለም ያለበትን፣ ሥሩ ላይ ውሃ ያቆረውን፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያለውን መተው ነው። በላስቲኩና በማብቀያው መካከል ጥቂት ቢጫ ጠብታ መታየቱ ግን አያስደነግጥም፤ ክሩ ራሱን ሲከላከል የሚያወጣው ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ ገበያ መዞር አይገባም። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ከተጠጋ ክሩ ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀድመው ሻጋታ ነው።

አቀዳደዱ ላይ ሰው ብዙ አይጨነቅም፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት ይገባል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ላስቲኩ ከማብቀያው ጋር እንዲጣበቅ አየሩን በእጅ ጨምቆ አውጥቶ አፉን ማጠፍና ማሰር ያስፈልጋል። ክፍተት ካለ ቡቃያው ከቀዳዳው ይልቅ ላስቲኩ ሥር ይወጣና ተጣብቆ ይበሰብሳል። ከዚያ በአልኮል በተጠረገ ምላጭ 5 ሳንቲሜትር ያህል መስቀለኛ መቅደድ ነው። ለ2 ኪሎ ከረጢት ሁለት ቀዳዳ ይበቃል፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በጀርባ። ቀዳዳ ሲበዛ እንጉዳዩ ይበዛል እንጂ አይወፍርም፣ ማብቀያውም ቶሎ ይደርቃል። አፉን ሙሉ በሙሉ የሚከፍቱ አሉ፤ በአዲስ አበባ ደረቅ ወራት እንዲህ ያለ ከረጢት ላዩ በአጭር ጊዜ ይጠነክርና ምንም ሳይሰጥ ይቀራል።

ቦታው ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ያለው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ አየር የሚመላለስበት ይሁን። ግራጫው ኦይስተር ፍሬ ለማውጣት ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ብርድ ፈርቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስገባት ይጎዳዋል። ከሰል የሚያያዝበትና ቡና የሚፈላበት ክፍል አይሆንም፤ ከሰል የሚያወጣው አየር እንጉዳዩን ለይቶ የሚጎዳው ነው። መታጠቢያ ቤትም እርጥበት አለው ተብሎ ይመረጣል። መስኮት ከሌለው ግን ያው የታፈነ ክፍል ነው፣ የበረኪናው ሽታም ይደርስበታል።

የክብሪት ራስ የሚያክሉት

ከተቀደደ በኋላ ከ5 እስከ 10 ቀን የሚታይ ነገር የለም። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ እስከ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳው እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ጊዜ ስስ ርጭት ይበቃዋል። ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ነው። ቀዳዳውን ያሰፋል፣ በጣቱ ይነካካል፣ ከረጢቱን ውሃ ውስጥ ይነክራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ አዲስ ከረጢት የሚያስፈልገውን ውሃ በውስጡ ይዟል፤ ከክብደቱ 65 በመቶ ገደማው ውሃ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳው ላይ ያለው ነጭ ክር ወፈር ብሎ ይነሳል። ላዩ ላይ ጥቃቅን ነጭ እብጠቶች ይታያሉ። በማግስቱ የእብጠቶቹ ጫፍ ይጠይማል፤ ግራጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ የሚያጠላበት ጥቁር ይሆናል። የክብሪት ራስ ያክላሉ። በአንዲት ቀዳዳ ላይ ሃምሳም ስልሳም ሆነው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ጠጋ ብሎ ያያቸው ሰው በአንዳንዶቹ ራስ ላይ ከነጥብ ያነሰች ጠብታ ያይባቸዋል። ቀጥሎ በየቀኑ እጥፍ እየሆኑ ያድጋሉ።

የዚህ ሁሉ ነገር መገናኛ እነዚህ ሁለት ቀናት ናቸው። ቡቃያው በጣም ትንሽ ነው፤ በውስጡ የያዘው ውሃ ጥቂት ነው፤ ደረቅ ንፋስ ለአንድ ከሰዓት ቢመታው ይሞታል። ስለዚህ በዙሪያው ያለው አየር ከ85 እስከ 95 በመቶ እርጥበት ቢኖረው ይፈልጋል። በዚያው ሰዓት ደግሞ መተንፈስ ጀምሯል፤ ሃምሳ ስልሳ ሆነው በፍጥነት ሲያድጉ የሚያወጡት የተቃጠለ አየር ካለፈው ሳምንት ይበልጣል። እርጥበት እንዲቆይ ብትሸፍነው ይታፈናል፤ እንዲተነፍስ ብትገልጠው ይደርቃል። እርጥበትና ንፋስ ተጣልተዋል፣ ገላጋዩ ባለቤቱ ነው። መመሪያው ላይ «ውሃ ርጩ» የሚለው ቃል የዚህን ጠብ አንዱን ወገን ብቻ ነው የሚናገረው። ጠንቃቃ ሰው ደግሞ በተነገረው ወገን ያጋድላል። ይህ ሲገባኝ ነው «እጄ አይቀናውም» የሚለው አባባል ምን ያህል ፍትሕ እንደጎደለው ያየሁት፤ ሰውየው ያጠፋው በመሳነፍ አይደለምና።

ማስታረቂያው ቀላል ነው። አራት ረዘም ያሉ የእንጨት ስንጥሮች ከከረጢቱ ዙሪያ ይቆሙና ሰፊ ግልጽ ላስቲክ በላያቸው ይጣላል፤ ላስቲኩ ከቡቃያው ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ። ታቹ ክፍት ይሁን፤ የተቃጠለ አየር እንዲወርድበት። ጎኖቹ ላይ በእርሳስ ውፍረት ከ15 እስከ 20 ቀዳዳ ይበሳ። ከከረጢቱ ሥር በሰሃን ላይ እርጥብ ፎጣ ይዘርጋ። ውሃው የሚረጨው የላስቲኩ የውስጥ ግድግዳ ላይና ፎጣው ላይ ነው፤ ቡቃያው ላይ አይደለም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ላስቲኩን አንስቶ በካርቶን ቁራጭ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ማራገብ፣ ከዚያ ረጭቶ መልሶ መሸፈን። ሁሉም ነገር ይኸው ነው።

መጠኑ ልክ መሆኑን ላስቲኩ ራሱ ይናገራል። ከረጩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ስስ ጉም ካለ ጥሩ ነው። ጠብታው እየተንዠቀዠቀ የሚወርድ ከሆነ ተዘግቷል፤ ቀዳዳ ይጨመር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርቆ ከተገኘ ንፋሱ በዝቷል፤ ቀዳዳውን በፕላስተር መቀነስ ወይም ከረጢቱን ከበሩ ማራቅ ነው። የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ቁጥሩን ማየት ይችላል፤ የሌለው ግን ምንም አልጎደለበትም።

ከቡቃያዎቹ ብዙዎቹ አያድጉም። ጥቂቶቹ ምግቡን ይወስዱና ይቀድማሉ፣ የቀሩት ባሉበት ይቆማሉ። ይህ የተለመደ ነው፤ የቀሩትን እየለቀሙ ማውጣት አያስፈልግም፣ የሚያድጉትን ያናጋል።

የሚያሳየውን ማየት

እንጉዳይ የጎደለውን በመልኩ ይነግራል። አገዳው ረዝሞ ቆቡ ካነሰ ታፍኗል። የአገዳው ሥር ላይ ነጭ ፀጉር መሳይ ነገር ከወጣም ያው የአየር ጉዳይ ነው። በሁለቱም ላይ የሚደረገው ላስቲኩን ከፈት ማድረግ ነው፤ ገና እያደገ ያለ ቆብ አየር ባገኘ በአንድ ሁለት ቀን ይሰፋል፤ የረዘመው አገዳ ግን አያጥርም። የቆቡ ጫፍ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ቢጫ ከሆነ አየሩ ደርቋል። ቆቡ ላይ እርጥብ ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ውሃ ተኝቶበት ባክቴሪያ ገብቷል፤ ከረጩ በኋላ ውሃው በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከቆቡ ላይ መትነን አለበት። ቀለሙ የገረጣ ግራጫ እንጉዳይ ሙቀት በዝቶበታል ወይም ብርሃን አንሶታል፤ ብርድና ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል።

ቡቃያው በአንድ ሌሊት ጠይሞ ሲደርቅ «ዓይን በላው» የሚል አይጠፋም። የበላው ደረቅ አየር ነው። በተለይ ከረጢቱ የበርና የመስኮት ንፋስ መተላለፊያ ላይ ከሆነ። የደረቁትን በማንኪያ ጠርጎ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ነው፤ ክሩ ውስጥ ሕይወት አለ፣ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሌላ ቡቃያ ያወጣል።

ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ሌላው ጣጣ ናቸው። እንቁላላቸውን ማብቀያው ላይ ይጥላሉ፣ ትሎቹ ክሩን ይበላሉ፣ አገዳውንም ይበሳሉ። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት አጠገቡ መስቀል ይይዛቸዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የበሰበሰ ቁራጭ ቀዳዳው ላይ አለመተው ነው። የሚጠራቸው እርሱ ነው። ፀረ ተባይ መርጨት የለም፤ የሚረጨው ነገር በቀናት ውስጥ የሚበላ ነው።

ጾሙና ወቅቱ

እኛ ዘንድ ሰው እንጉዳይን አጥብቆ የሚፈልገው በጾም ነው። እንጉዳይ ጥብስ የጾም ገበታ ላይ ከመጣ ወዲህ ኪት የሚገዛውም ብዙው ሁዳዴን አስቦ ነው። የሚያሳዝነው ግን የሁዳዴ ወራት፣ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ፣ ለጀማሪ አስቸጋሪዎቹ ናቸው። የየካቲት ከሰዓት በኋላ አየር ደረቅና ነፋሻ ነው። በዚህ ጊዜ ያለ ላስቲክ ድንኳን መሞከር ድካም ነው፤ ርጭቱም በቀን ወደ አራት አምስት ጊዜ ይወጣል። የገና ጾም ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ እንጉዳዩ ይወጣል፣ ግን ይዘገያል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ቢጠይቀኝ ፍልሰታን እላለሁ። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ሙቀቱም ለግራጫው ኦይስተር ልክ ነው። ከረጢቱ ከተቀደደ እስኪለቀም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ነሐሴ 1 ለሚገባው ጾም ሐምሌ 10 አካባቢ መቅደድ ነው። በእነዚያ ወራት ድንኳኑ ላያስፈልግ ይችላል፤ በቀን አንድ ጊዜ መርጨት የሚበቃበት ቀን ይኖራል፣ ጨርሶ የማይረጭበትም ቀን ይኖራል። በዚህ ወቅት የሚበዛው ዝንብና ሻጋታ ስለሆነ መስኮት ከፈት ማድረጉ ይበልጣል።

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያለ ሰው ወቅቱን የሚቆጥረው በማሞቂያው ነው። ክረምት ላይ ማሞቂያ የሚነፍስበት ክፍል አየሩ ከየካቲት አዲስ አበባ ይብሳል። ከረጢቱን ከማሞቂያው አፍ ማራቅና ድንኳኑን መትከል የግድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ሰው ከቤት ውጭ ማስቀመጡን ይተው፤ ቤት ውስጥ ከኤሲው ንፋስ ይከልለው። የሚመርጥ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ የሚስማማውን ሮዝ ኦይስተር ይግዛ፤ ግራጫው በዚያ ሙቀት ይቸገራል።

መልቀምና ሁለተኛው ዙር

ቡቃያ ከታየ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንጉዳዩ ይደርሳል። ሰዓቱን የሚያሳውቀው የቆቡ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ወደ ታች ታጥፎ ይቆይና እየተቃና ይሄዳል፤ ሊቃና ሲል፣ ወደ ላይ ከመገልበጡ በፊት፣ ይለቀማል። ገና ትንሽ ነው፣ ነገ ይጨምራል ብሎ መቆየት ጉዳት አለው። ጠርዙ ከተገለበጠ ሥጋው ይሳሳል፣ ነጭ ዱቄቱም መደርደሪያውን ያለብሰዋል። ያ ዱቄት ሲበዛ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል፤ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ከረጢት የማይቀመጠውም ለዚህ ነው።

የሚለቀመው ዘለላው በሙሉ፣ ትንሹም ትልቁም አንድ ላይ፣ ከሥሩ ተይዞ በመጠምዘዝ ነው። በቢላ ቆርጦ ጉቶ መተው ለብስባሽና ለዝንብ መጋበዣ ነው። ከ2 ኪሎ ጥሩ ከረጢት በሁለትና በሦስት ዙር ከ500 እስከ 700 ግራም መጠበቅ ይቻላል፤ ግማሹ ወይም ከግማሽ በላዩ የሚመጣው በመጀመሪያው ዙር ነው።

ወጥ ቤት ሲገባ በውሃ አይነከርም። በእጅ በጭረቱ እየተቀደደ ደረቅ የጋለ መጥበሻ ላይ ይጣላል፤ ውሃውን ራሱ ያወጣል፣ ውሃው ተንኖ ጠርዙ መቅላት ሲጀምር ነው ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል የሚገባው። ዘይቱ ከቀደመ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጥሬውን አለመብላት ነው። የተረፈው በወረቀት ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይቆያል፤ በተቋጠረ ፌስታል ከገባ ያልበውና ይዝለገለጋል።

ለሁለተኛው ዙር ትልቁ ረዳት የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ከረጢቱ ከመቀደዱ በፊት ተመዝኖ ይጻፍ። እንጉዳይ 90 በመቶው ውሃ ስለሆነ፣ 350 ግራም የለቀመ ሰው 315 ግራም ውሃ ከከረጢቱ አውጥቷል፤ ትነቱ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ከለቀሙ በኋላ ቀዳዳውን ጠርጎ፣ ድንኳኑን አንስቶ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ማሳረፍ ነው። ከዚያ ከረጢቱ በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይነከራል። ስለሚንሳፈፍ በላዩ ድንጋይ ያለበት ሰሃን ይጫንበት። ወጥቶ አንድ ሰዓት ከተንጠፈጠፈ በኋላ ሲመዘን ከመጀመሪያው ጥቂት ቢያንስ ችግር የለውም፤ የተበላው ምግብ አይመለስም። ከአንድ ቀን በላይ ማቆየት ግን ማብቀያውን ያኮመጥጠዋል፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ውሃ በብዛት ስለገባ ቶሎ አይበቅልም።

አረንጓዴ ሻጋታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለተኛው ዙር በኋላ፣ ክሩ ሲደክም ነው። መጀመሪያ ነጭ ስለሆነ ከእንጉዳዩ ክር አይለይም፤ አረንጓዴ ሲሆን ዱቄቱ ሊበተን ደርሷል። ትንሽ ቦታ ከሆነ ከረጢቱን ውጭ አውጥቶ ማስቀመጥና ያለውን ቡቃያ እንዲያደርስ መተው ይቻላል። ቤት ውስጥ መፋቅ ግን ወደ ሌሎቹ ከረጢቶች መዝራት ነው። ብርቱካናማው ሻጋታ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በአንድ ሁለት ቀን ከከረጢት ከረጢት ይሻገራል፤ እንደታየ በፌስታል ታስሮ ከቤት ይውጣ።

ሻጋታ ሳይገባበት ምርቱን የጨረሰ ማብቀያ ለጓሮ ይጠቅማል። ተፈርፍሮ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ለጎመንና ለቆስጣ መሬቱን ያላላል፣ እርጥበትም ይይዛል። ሐምሌ ላይ ጥላ ሥር ከተከመረ ከዝናቡ ጋር ሌላ ጥቂት እንጉዳይ ሊያወጣ ይችላል። ያኔ ግን ከመልቀም በፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኦይስተር የሚወጣው ከማብቀያው ከራሱ ነው፣ በዘለላ ነው፣ ከቆቡ ሥር ያሉት ስስ መስመሮችም ወደ አገዳው ይወርዳሉ። አጠገቡ ከመሬት ለብቻው ቀጥ ብሎ የወጣ፣ አገዳው ላይ ቀለበት ወይም ሥሩ ላይ ከረጢት መሳይ ነገር ያለው የጅብ ጥላ ከሆነ አይነካም፤ በዚያ ወቅት ከሚበቅሉት ውስጥ ሰው የሚገድሉ አሉ። ያጠራጠረውንም ሁሉ ባለበት መተው ነው።